ወንፊት ወይስ ለቀማ? የፊልተርና የሉፕ ምርጫ በ«ኢትዮጵያ ማባዛት» ሲፈተን

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን የሚደርስበት አንድ መንታ መንገድ አለ። ረጅም የቁጥር ዝርዝር እጁ ይገባል፤ ከዝርዝሩ የሚፈለጉትን መያዝ፣ የማይፈለጉትን መጣል ይኖርበታል። ይህን በሁለት መንገድ ሊፈጽመው ይችላል። አንደኛው ሉፕ ነው፤ ከመጀመሪያው ቁጥር ተነሥቶ አንድ በአንድ እያየና እየወሰነ እስከ መጨረሻው ይጓዛል። ሁለተኛው በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ፊልተር የሚባለው የማጣሪያ ፈንክሽን ነው፤ «ይህን ሁኔታ የሚያሟላ ይለፍ» የሚለውን ደንብ ብቻ ሰጥቶ፣ ዝርዝሩን የመመላለሱን ሥራ ለቋንቋው ይተዋል።

የትኛው ይሻላል? ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንደ ምርጫና እንደ ልማድ ጉዳይ ይታያል። ሉፕ የለመደ ሉፕን፣ ፊልተር የለመደ ፊልተርን ያወድሳል። እኛ ግን ጉዳዩ የልማድ አይመስለንም። ከሁለቱ አንዱን ያለቦታው የመረጠ ፕሮግራም አንዳንድ ጊዜ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፤ ኮተቤን በመሰለ፣ ስሙ ለብዙ ዘመን ከመምህራን ትምህርት ጋር ተያይዞ በኖረ ሰፈር ደግሞ ዛሬ ይህን የሚማር ወጣት ነገ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሌሎች ማስረዳቱ አይቀርም።

ነገሩን ለመረዳት ከቤታችን ጓዳ ብንጀምር አይከፋም። ከወፍጮ ቤት የተመለሰ ዱቄት በወንፊት ይነፋል፤ ምስር ግን በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ በእጅ ይለቀማል። ወንፊቱ የሚያውቀው አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ እርሱም የቀዳዳው ስፋት። አንዷን ቅንጣት ሲያሳልፍ ከእርስዋ በፊት ያለፈችው ምን ትመስል እንደነበር አይጠይቅም። ለቃሚዋ ግን ታያለች፣ ታስታውሳለች፣ ከጎኑ ካለው ታነጻጽራለች፤ ለወጥ የሚበቃው ከተለቀመም ሰፌዱን አስቀምጣ ልትነሣ ትችላለች። ፊልተር ወንፊት ነው፤ ሉፕ ለቀማ ነው። የሁለቱ ልዩነት ከዚህ ምሳሌ አልፎ በቁጥር እንዴት እንደሚገለጥ የሚያሳይ፣ የአገራችንን ስም የተሸከመ አንድ ጥንታዊ የስሌት ዘዴ አለ።

የካህኑ ጠጠሮች

በልዩ ልዩ የውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍትና የፕሮግራም መልመጃዎች ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ዘዴ ይገኛል። ሌሎች ደግሞ ይህንኑ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» ይሉታል። በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበርንበት ዘመን ይህ ዘዴ «የእናንተ ማባዛት» ተብሎ ሲነሣልን፣ በትምህርት ቤት ያልተማርነውን ነገር እንደምናውቅ መስለን ፈገግ ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረንም።

ከዘዴው ጋር የሚተረክ ታሪክም አለ። አንድ የጦር መኰንን እያንዳንዳቸው 22 የማርያ ቴሬዛ ብር የሚያወጡ 7 በሬዎች ሊገዛ ፈለገ። ሻጩም ገዥውም ጠቅላላ ዋጋውን ማስላት ስላልቻሉ ካህን ተጠራ። ካህኑ በመሬት ላይ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጠጠር እያስቀመጠ፣ በአንደኛው ረድፍ ቁጥሩን ለሁለት እየከፈለ፣ በሌላው ደግሞ እያጠፈ ሄደ። በመጨረሻም ተጋማሽ ቁጥር የያዙትን ጉድጓዶች ርኩስ ናቸው ብሎ ጣላቸው፤ የቀሩትን ደመራቸው። ይህ የመጨረሻው ማጣፈጫ ለእኛ አይዋጥልንም። በባሕረ ሐሳብ ዓመታትን ለ4፣ ለ7ና ለ19 እየገደፈ በቀሪው በዓላትን የሚያወጣ የቤተ ክህነት ሊቅ ተጋማሽ ቁጥርን የሚፈራበት ምክንያት አይታየንም። የስሌቱ ትክክለኛነት ግን በታሪኩ ላይ አይመሠረትም።

ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። በግራ 22ን እንጽፋለን፤ ወደ ታች ስንወርድ ለሁለት እንከፍለዋለን፤ ትራፊ ቢኖር እንጥለዋለን፤ 1 ላይ ስንደርስ እናቆማለን። በቀኝ 7ን ጽፈን በየረድፉ እናጥፈዋለን።

22 — 7 — ይሰረዛል
11 — 14 — ይያዛል
5 — 28 — ይያዛል
2 — 56 — ይሰረዛል
1 — 112 — ይያዛል

በግራው ዓምድ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ረድፍ በሙሉ ይሰረዛል። ከቀኙ ዓምድ የተያዙት 14፣ 28ና 112 ሲደመሩ 154 ይሆናሉ፤ 22 ጊዜ 7 ማለት ነው።

ይህ ለምን ይሠራል? ግራው ዓምድ ሳናውቀው 22ን ወደ ሁለትዮሽ አጻጻፍ እየቀየረልን ነው። ኢተጋማሽ ቁጥር የተገኘበት ረድፍ 1፣ ተጋማሽ የተገኘበት ደግሞ 0 ይሰጣል። ከታች ወደ ላይ ስናነብበው 10110 እናገኛለን፤ ይህም 16 + 4 + 2 ነው። በቀኙ ዓምድ ያሉት ደግሞ 7 በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8ና በ16 ተባዝቶ የተገኙት ናቸው። ስለዚህ የያዝነው 7 × 2፣ 7 × 4ና 7 × 16 ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የተባለ ጸሓፊ የገለበጠውና ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የራይንድ ፓፒረስም በማጠፍ ያባዛል፤ ለሁለት መክፈሉን ግን አይጠቀምም፤ ድምራቸው ተባዡን የሚሰጡትን ረድፎች በመፈለግ ይመርጣቸዋል። የማባዣ ክፍል የሌላቸው ቀላል ማይክሮፕሮሰሰሮችም የሚያባዙት በዚሁ በማጠፍና በመደመር ነው።

ሁለት ሥራዎች፣ ሁለት መሣሪያዎች

አሁን ይህን ዘዴ ወደ ፕሮግራም እንለውጠው። በጥሞና ያየ አንባቢ በውስጡ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ሥራዎች እንዳሉ ያስተውላል። የመጀመሪያው ሠንጠረዡን መገንባት ነው፦

ግማሽ ← 22
እጥፍ ← 7
ሠንጠረዥ ← ባዶ
ግማሽ ከ0 የሚበልጥ እስከ ሆነ ድረስ ድገም፦
    (ግማሽ፣ እጥፍ) የሚለውን ረድፍ በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ጨምር
    ግማሽ ← የግማሽ እኩሌታ፣ ትራፊው ተጥሎ
    እጥፍ ← እጥፍ × 2

እዚህ ላይ ፊልተር ምንም ሊረዳን አይችልም። እያንዳንዱ ረድፍ የሚወለደው ከበላዩ ካለው ረድፍ ነው፤ 11ን የምናገኘው 22ን ስለምናውቅ ነው። ስንት ረድፍ እንደሚኖርም አስቀድመን አልቆጠርንም፤ 0 ላይ ስንደርስ ብቻ እናቆማለን። ያለፈውን ማስታወስና የት እንደሚቆም መወሰን የለቃሚ እንጂ የወንፊት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ መሰረዝ ነው። የ11 ረድፍ መያዝ ወይም መሰረዝ በ11 ኢተጋማሽነት ብቻ ይወሰናል፤ ከላዩ 22 መኖሩ፣ ከታቹ 5 መኖሩ ለፍርዱ ምንም አይጨምርም። ሠንጠረዡን ገልብጠን ከታች ወደ ላይ ብናነበው፣ ወይም ረድፎቹን ለአምስት ተማሪዎች አንድ አንድ ብናከፋፍላቸው ውጤቱ አይለወጥም። የዚህ ዓይነት ፍርድ በፊልተር ሲጻፍ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሐሳቡን ይናገራል፦

የተያዙ ← ፊልተር(ግማሹ ኢተጋማሽ ነው፣ ሠንጠረዥ)
ውጤት ← የተያዙት እጥፎች ድምር

በሉፕስ አይሆንም? ይሆናል፦

ውጤት ← 0
ለእያንዳንዱ ረድፍ በሠንጠረዡ ውስጥ፦
    ግማሹ ኢተጋማሽ ከሆነ፦
        ውጤት ← ውጤት + እጥፉ

ይህም ትክክል ነው፤ 154 ይሰጣል። ልዩነቱ አንባቢው ላይ ነው። ፊልተርን ያየ ሰው ገና ቃሉን ሲያነብ የሚወጣው ዝርዝር ከገባው ዝርዝር የተወሰደ መሆኑን፣ ቅደም ተከተሉ እንዳልተፋለሰ፣ የገባውም ዝርዝር እንዳልተነካ ያውቃል። ሉፕን ያየ ሰው ግን ይህን ሁሉ ለማረጋገጥ ውስጡን እስከ መጨረሻ ማንበብ አለበት፤ በሉፕ ውስጥ ማንኛውም ነገር ሊደረግ ይችላልና።

ስለዚህ የምናቀርበው መመዘኛ አንድ ጥያቄ ነው፦ ስለ አንዱ ለመፍረድ ሌላውን ማየት ያስፈልጋል? ካላስፈለገ ፊልተር፤ ካስፈለገ ሉፕ። ጥያቄው ከክፍል ውጤት ጋር ሲያያዝ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። «ከ50 በላይ ያገኙ ተማሪዎች» ቢባል የአንዷ ተማሪ ማለፍ በራሷ ነጥብ ብቻ ይወሰናል። «ከቀደመው ፈተና የተሻሻሉ» ቢባልም የራሷ ሁለት ነጥቦች ይበቃሉ። «የክፍሉ አንደኛ» ቢባል ግን 98 ማግኘቷን ብቻ አይቶ የሚፈርድ የለም፤ ጎረቤቷ 99 አግኝታ ሊሆን ይችላል።

154 ሁለት ጊዜ

በተማሪዎች የላብራቶሪ ሥራ ላይ ደጋግመን የምናየው ሦስተኛ አጻጻፍ አለ፤ ከሁለቱም የከፋው እርሱ ነው። ሐሳቡ ከካህኑ የተወሰደ ይመስላል፤ በረድፎቹ ላይ እየሄድክ ተጋማሹን ስታገኝ እዚያው ሰርዘው ይላል፦

ለእያንዳንዱ ረድፍ በሠንጠረዡ ውስጥ፦
    ግማሹ ተጋማሽ ከሆነ፦
        ረድፉን ከሠንጠረዡ አውጣ

በወረቀት ላይ ይህ እንከን የለውም። በፓይተን ሲሞከር ለ22 × 7 ትክክለኛውን 154 ይሰጣል። ለ13 × 24ም 312 ይላል፤ ትክክል ነው። ተማሪው ሁለት ጊዜ ፈትኖ ሁለት ጊዜ ትክክል ስላገኘ ሥራውን ያስረክባል። አሁን ግን 20 በ7 ይባዛ፦

20 — 7
10 — 14
5 — 28
2 — 56
1 — 112

መያዝ ያለባቸው 28ና 112 ናቸው፤ ድምራቸው 140። ፕሮግራሙ ግን 154 ይላል! ሃያ ጊዜ ሰባትና ሃያ ሁለት ጊዜ ሰባት እኩል ሆኑ ማለት ነው። በታሪኩ ባለው ገበያ ቢሆን ኖሮ አንዱን በሬ በ20 ብር የተስማማው መኰንን 14 ብር ያለአግባብ ይከፍል ነበር።

ምን ተፈጠረ? ሉፑ የሚቆጥረው ረድፎቹን ሳይሆን ቦታዎችን ነው። በአንደኛው ቦታ 20ን አገኘና አወጣው። በዚህ ጊዜ ከታች ያሉት ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ከፍ አሉ፤ 10 አንደኛው ቦታ ላይ፣ 5 ሁለተኛው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ሉፑ ግን አንደኛውን ቦታ ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ሁለተኛው አለፈ፤ እዚያም 5ን አገኘ። 10 ሳይታይ ቀረ፤ 14ም ከድምሩ ውስጥ ገባ። ወረፋ ላይ ስሞችን በመስመር ቁጥር እየጠራ፣ የተጠራውን ሰው ከወረፋው የሚያስወጣ ጸሓፊ ይህንኑ ስሕተት ይሠራል፤ ሁለተኛውን ሰው ዘልሎ ሦስተኛውን ይጠራል።

22 ላይ ስሕተቱ ያልታየው በዕድል ነው። 22 ሲወጣ የተዘለለው 11 ነበረ፤ 11 ደግሞ ቢታይም ባይታይም የሚያዝ ነው። ስሕተቱ የሚገለጠው ሁለት ተጋማሾች ሲከታተሉ ብቻ ነው፤ በሁለትዮሽ አጻጻፍ ሁለት ዜሮዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ማለት ነው። ከ1 እስከ 7 ካሉት ቁጥሮች ይህ የሚደርስበት 4 ብቻ ነው። በትናንሽ ቁጥሮች የሚፈትን ሰው ከሰባቱ ስድስቱ ትክክል ሆነው ቢያገኛቸው አይፈረድበትም። ከ1 እስከ 15 ባሉት ላይ የሚሳሳተው በ4፣ በ8፣ በ9ና በ12 ነው።

ወደ ላይ ስንወጣስ? ይህን መቁጠር ራሱን የቻለ ደስታ አለው። በሁለትዮሽ 1 አኀዝ ካላቸው ቁጥሮች ፕሮግራሙ በትክክል የሚሠራባቸው 1፣ 2 አኀዝ ካላቸው 2፣ 3 አኀዝ ካላቸው 3፣ 4 አኀዝ ካላቸው 5፣ 5 አኀዝ ካላቸው 8፣ ቀጥሎ 13፣ ከዚያም 21 ናቸው። አንባቢ ቅደም ተከተሉን አውቆት ይሆናል፤ የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከበፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ሁለት ተከታታይ ዜሮ የሌለው ቁጥር ወይ በ1 ያልቃል፣ ከፊቱም በአንድ አኀዝ የሚያንስ ማንኛውም ደኅና ቁጥር ሊቆም ይችላል፤ ወይ በ10 ያልቃል፣ ከፊቱም በሁለት አኀዝ የሚያንስ ደኅና ቁጥር ይቆማል። በዚህ መንገድ እስከ 10 አኀዝ ብንደምር ከ1 እስከ 1023 ካሉት ቁጥሮች ፕሮግራሙ ትክክል የሚሆነው በ231ዱ ላይ ብቻ ነው። በ792ቱ ይሳሳታል፤ ቁጥሮቹ እያደጉ ሲሄዱም ትክክለኞቹ ከመቶ እጅ እያነሱ ይሄዳሉ።

ጃቫ የዚህን ዓይነት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ አስቁሞ ስሕተት መኖሩን ይናገራል። ፓይተን ግን ዝም ይላል። ሉፕን የሙጥኝ የሚል ሰው ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ቢሄድበት፣ ወይም በቅጂው ላይ እየሄደ ከዋናው ቢያወጣ ይድናል። ፊልተርን የመረጠ ግን በዚህ ጉድጓድ ሊወድቅ የሚችልበት መንገድ እንኳ የለውም፤ ፊልተር አዲስ ዝርዝር ይሠራል እንጂ ከአሮጌው ላይ አይነቅልምና።

ወንፊቱም እንከን አለው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለፊልተር የሚያደላ ይመስላል። የራሱ ወጥመዶች ግን አሉት።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከፓይተን 3 ጀምሮ ፊልተር የሚመልሰው ዝርዝር ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀዳ ምንጭ ነው። የተያዙትን እጥፎች ስንደምር 154 እናገኛለን፤ እንደገና ብንደምር 0 እናገኛለን፤ ምንጩ በመጀመሪያው ድምር ደርቋል። አማካይ ለማስላት መጀመሪያ የደመረ፣ ቀጥሎም ከዚያው ምንጭ ብዛታቸውን የቆጠረ ተማሪ በ0 ለማካፈል ይገደዳል። ይህስ ደኅና ነው፤ ማሽኑ ይጮኻልና። የሚያስፈራው ሁለተኛው ድምር ምንም ሳይጮኽ በሌላ ስሌት ውስጥ ሲገባ ነው። መፍትሔው የተጣራውን ወዲያው ወደ ዝርዝር መለወጥ ነው፤ ለዚህም የማኅደር ቦታ ይከፈልበታል።

ስለ ፍጥነትም ብዙ ይባላል። ፊልተር ለእያንዳንዱ ቁጥር ፈንክሽን መጥራት ስላለበት በፓይተን ውስጥ ከተራ ሉፕ የግድ አይፈጥንም። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ፊልተርንና መሰሎቹን ከሚመጣው የፓይተን እትም ለማስወጣት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተመሳሳዩን ነገር በአንድ መስመር በግልጽ የሚጽፍ ሌላ አጻጻፍ ቋንቋው ስላለው ነው። ፊልተር ግን አልወጣም። እኛ እንደምናየው ክርክሩ ስለ ቃሉ እንጂ ስለ ሐሳቡ አልነበረም፤ ቫን ሮሰም የመረጠው አጻጻፍም ያው ወንፊት ነው፤ መያዣው ብቻ ተለወጠ። ለእኛ ምሳሌ ደግሞ ፍጥነት ቁም ነገር አይደለም፤ ተባዡ 1 ሚሊዮን ቢሆን እንኳ ሠንጠረዡ 20 ረድፍ ብቻ ነው።

ረድፎቹ በሚሊዮን ሲቆጠሩ ግን ሌላ ነው፤ ለዚህም ዓይናችንን ከኮተቤ ቀና አድርገን ወደ እንጦጦ ጋራ እንመልከት።

ከጋራው ላይ

እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያቋቋመው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመርቋል። ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ጠፈር የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚያው እንጦጦ ላይ ነበር።

የሳተላይት ምስል ማለት በኮምፒዩተር ዓይን የቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው። 1000 በ1000 የሆነ ምስል 1 ሚሊዮን ነጥብ አለው። ደመና የሸፈናቸውን ነጥቦች ማስወገድ ብንፈልግ፣ ደንቡ «ብርሃኑ ከዚህ መጠን የበለጠ ነጥብ ደመና ነው» የሚል ቀላል ደንብ ቢሆን፣ ፍርዱ በአንዱ ነጥብ ላይ ብቻ ያረፈ ነው። ስለዚህ ፊልተር እንላለን። ነገር ግን ነጥቦቹን በፊልተር ብናወጣቸው የቀሩት ተጠጋግተው የመሬቱ ቅርጽ ይጠፋል፤ የየካ ነጥብ በሱሉልታ ቦታ ይቀመጣል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጭንብል የሚባለው ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ «ይያዝ» ወይም «ይተው» የሚል ምልክት ያለበት፣ ከምስሉ ጋር እኩል የሆነ ሁለተኛ ሠንጠረዥ። ምንም አይነቀልም፤ ምልክት ብቻ ይደረግበታል። ለቁጥር ሥራ የተዘጋጁ የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ይህን ጭንብል በአንድ ትእዛዝ ለመላው ሠንጠረዥ ያሰናዳሉ፤ ውስጡ በሲ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ በፓይተን ከተጻፈ ሉፕ እጅግ ይፈጥናል።

ምልክት ማድረግ ከመንቀል ለምን እንደሚሻል የሚያሳይ ትልቅ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን የተባሉ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች በአንታርክቲካ ላይ ያለው የኦዞን ሽፋን በየጸደዩ በእጅጉ እየሳሳ መሆኑን አሳተሙ። ኒምበስ-7 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት በዚያው ሰማይ ላይ ዓመታት ስትመላለስ ነበር። ብዙ ጊዜ «የሳተላይቱ ፕሮግራም ዝቅተኛዎቹን ቁጥሮች ስሕተት ናቸው ብሎ ጣላቸው» ተብሎ ይነገራል። አልተጣሉም፤ አጠራጣሪ የሚል ምልክት ተደረገባቸው። ስለዚህም ወደ ኋላ ተመልሶ ማየትና የተባለውን ማረጋገጥ ተቻለ። ቢነቀሉ ኖሮ የሚመለስበት ነገር አይኖርም ነበር።

ወደ ቴሌስኮፑ እንመለስ። የአንድ ኮከብ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ በተከታታይ ሲለካ ከሚገኙት ቁጥሮች ውስጥ የተበላሹ ይኖራሉ። አንዳንዱ ብልሽት በራሱ ይታወቃል፤ ካሜራው ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ብርሃን ተቀብሎ ሞልቷል። ይህ ለፊልተር የተሠራ ነው። ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ሲነጻጸር ብቻ የሚታወቅ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ልኬቶች በድንገት ዘልሎ የወጣ። ይህን ለማወቅ ያለፈውን መያዝ ያስፈልጋል፤ ሉፕ ይሁን። ችኮላም አይገባም፤ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ጥቂት ልኬት ቆይቶ የሚመለስ ከሆነ ብልሽት ሳይሆን በኮከቡ ፊት ያለፈ ሌላ አካል ሊሆን ይችላል፤ የምንፈልገውም እርሱን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በፊዚክስ ላብራቶሪም ሁልጊዜ ይገጥመናል። «ከአማካዩ ከ3 መደበኛ ልይይት በላይ የራቀ ልኬት ይውጣ» ይባላል። ደንቡ ሲታይ ፊልተር ይመስላል። ነገር ግን አማካዩና መደበኛ ልይይቱ የተሠሩት ከሁሉም ልኬቶች ነው፤ ሊወጣ የታሰበው ራሱ ገብቶባቸዋል። ተማሪዎች አንድን ርዝመት 10 ጊዜ ለክተው 9 ጊዜ 10፣ አንድ ጊዜ በጽሕፈት ስሕተት 100 ቢመዘግቡ አማካዩ 19 ይሆናል፤ መደበኛ ልይይቱም 27። 100 ከአማካዩ የራቀው በ81 ነው፤ ይህም በትክክል 3 ጊዜ 27 ነው። ከ3 አልበለጠምና አይወጣም! በ100 ፋንታ 1000 ወይም 1 ሚሊዮን ቢጻፍም ያው 3 ነው። በ10 ልኬት ላይ ይህ ደንብ ምንም ነገር ሊያወጣ አይችልም፤ የተሳሳተው ቁጥር ሲያድግ መለኪያውን ይዞት ያድጋልና። በአማካዩ ፋንታ መሐል ከፋዩን፣ በመደበኛ ልይይቱም ፋንታ የየልኬቱን ከመሐል ከፋዩ ያለ ርቀት መሐል ከፋይ መውሰድ ከዚህ ያድናል።

ልኬቶቹ ብዙ ሲሆኑ ግን ደንቡ ይሠራል፤ ጥቂቶችን ያወጣል። ካወጣ በኋላ ግን አማካዩም መደበኛ ልይይቱም ይለወጣሉ፤ ቀድሞ ያለፈ ልኬት በአዲሱ መለኪያ ሩቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንደገና ማጣራት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባሉ፦

ድገም፦
    አማካይና መደበኛ ልይይት ← ከአሁኑ ዝርዝር
    አዲስ ዝርዝር ← ፊልተር(ከአማካዩ ከ3 መደበኛ ልይይት ያልራቀ፣ የአሁኑ ዝርዝር)
    የአዲሱ ብዛት ከአሁኑ ብዛት ጋር እኩል ከሆነ አቁም
    የአሁኑ ዝርዝር ← አዲስ ዝርዝር

በአንዱ ዙር ውስጥ መለኪያው የቆመ ስለሆነ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ ለየብቻው ይፈረዳል፤ ወንፊት ነው። አንዱ ዙር ግን ከቀደመው ዙር ይወለዳል፤ ለቀማ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ልኬት ባወጣ ቁጥር ወዲያው አማካዩን የሚያድስ ፕሮግራም፣ ልኬቶቹ በሰዓት ቅደም ተከተል ሲገቡ አንድ መልስ፣ ተገልብጠው ሲገቡ ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። የዙሮቹንም ቁጥር አስቀድሞ መወሰን ይገባል፤ ካልሆነ ወንፊቱ በየዙሩ እየጠበበ ደኅናውንም መብላት ሊጀምር ይችላል። የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚጠቀሙበት አስትሮፓይ የተባለው የፓይተን ስብስብ ሌላ ካልተነገረው በቀር 3 መደበኛ ልይይት ይዞ ከ5 ዙር በኋላ ያቆማል።